ከስድስት ሰዓት በፊት የወጣ

ያን ጊዜ እኔ በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የጠርሙስ ምርመራ ክፍል አለቃ ነበርኩ። አለቃ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ከአሥር ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ውሎ፣ ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ ተቀምጦ መመዝገብ ነው። አሥሩ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት ነጭ መብራት አለ። ሽሮፕ የተሞላው ጠርሙስ በተሽከርካሪው ቀበቶ ላይ ይመጣል። አንስተው፣ ዘቅዝቀው፣ በብርሃኑ ያዩታል። ፀጉር፣ ብናኝ ወይም የመስታወት ስባሪ ካለበት ወደ ቀዩ ሣጥን፣ ከሌለበት ወደ ፊት። ለማያውቀው ሰው ልጅም የሚሠራው ይመስላል። ሁለት ሰዓት ከሠሩት በኋላ ግን ግድግዳው ሁሉ ጠርሙስ ይሆናል።

ከአሥሩ አንደኛዋ “ንስር” የምንላት ጓደኛዬ ነበረች። እኔና እሷ በአንድ ቀን ተቀጥረን አሥራ አራት ዓመት አብረን በልተናል። ዓይኗ ጉድ ነበር። አንድ ጊዜ የጥራት ኃላፊው ሊፈትናት ብሎ የገዛ ሽፋሽፍቱን የጨመረባትን ጠርሙስ ከአራት መቶ ጠርሙስ ጋር ቀላቀለባት። ንስር አንስታ አየቻትና፣ “ይቺ የእርስዎ ናት፤ በዚህ ክፍል ሽፋሽፍቱ የሸበተ ሌላ ሰው የለም” አለችው። ሰውዬው እስኪያለቅስ ሳቀ።

የነገሩ መነሻ አዲሷ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሰው እንዳሻው ይቀር ነበር። ሰኞ ጠዋት ከአሥሩ ስድስቱ ከተገኙ ተመስገን ነው። ጊዜያዊ ሠራተኞች ደግሞ በየዓመቱ እየተባረሩ፣ በየዓመቱ አዲስ ሲመጣ፣ እኛ ስናስተምር ነበር የምንኖረው። ኃላፊዋ ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ልምታ አለችና ደንብ አወጣች፦ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀሪ ሳይኖርበት የጨረሰ ክፍል፣ በውስጡ ያሉት ጊዜያዊ ሠራተኞች በሙሉ ቋሚ ይሆናሉ።

“እርስ በርሳችሁ እንድትደጋገፉ ብዬ ነው” አለችን በስብሰባው ላይ። አጨበጨብንላት። እኔ ራሴ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ከደንቡ ግርጌ ጥቃቅን ዝርዝሮች ነበሩ። ሐዘን ከቀሪ አይቆጠርም፤ ሦስት ቀን ይፈቀዳል። ሆስፒታል የተኛ ሰው አይቆጠርበትም። ማስታመም ይቆጠራል። ከስድስት ሰዓት በፊት የወጣ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀረ ይቆጠራል።

በእኛ ክፍል ሦስት ጊዜያዊ ሠራተኞች ነበሩ። አንዷ በተቀጠረች በሳምንቷ ስላገባች “ሙሽሪት” የምንላት ልጅ ናት። በዓመቱ አጋማሽ ላይ አረገዘች። ቋሚ ከሆነች የወሊድ ፈቃድ አላት፤ ካልሆነች ሆዷ ሲገፋ ኮንትራቷ ያልቅና በዚያው ትቀራለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ አስመልሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቆቧን አስተካክላ ከመብራቷ ፊት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አልቀረችም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለን፣ ሁሉም የተገኘበትን ቀን በአረንጓዴ እንቀባለን። ወር ሙሉ አረንጓዴ ሲሆን ዓይንን ይይዛል። በኋላ ግን ነገሩ መልኩን እየቀየረ ሄደ። ሰው አሥር ደቂቃ ከዘገየ ሌሎቹ መነጫነጭ ጀመሩ። “አሞኛል” የሚል ቃል ከክፍሉ ጠፋ። አንዱ መርማሪ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ዓይናሩን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። ልመልሰው ይገባኝ ነበር። “ታያለህ?” አልኩት። “አያለሁ” አለኝ። አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ግማሾቻችን ዓይናችን ቀላ። አስቡት እንግዲህ፤ በዓይን የሚሠራ ክፍል ነው። ንስር የራሷን እየጨረሰች የሌሎቹን እንደገና ታይ ነበር፤ ቢሆንም የስንቱን ትችላለች? በዚያ ወር ሁለት ጭነት ተመለሰብን።

በየወሩ ስብሰባ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ከግድግዳው ግራ የተሰቀለውን ሠንጠረዥ ታሳየናለች፤ ቀሪ የለም። የጥራት ኃላፊው በቀኝ በኩል የራሱን ያሳያል፤ ተመላሽ ዕቃ በዝቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም አላየሁም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የንስር እናት ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሆስፒታሉ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ቀን ታናሽ ወንድሟ ይቀመጣል፤ እሷ ከሥራ እንደወጣች በሁለት አውቶቡስ ሄዳ እስኪያስወጧት ታመሻለች። ፊቷ በሳምንት ውስጥ ጠወለገ። አንድ ጠዋት ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

“አንድ ቀን ብቀር ምን ይለኛል? ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ብውል።”

“እስቲ ደውለን እንጠይቅ” አልኳት።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ በስልኩ ውስጥ ድምጿ ለስላሳ ነበር። “በጣም አዝናለሁ፤ ደንቡን ለአንድ ሰው ካላላሁ ለሁሉም ማላላት ሊኖርብኝ ነው። ሐዘን ቢሆን ኖሮ ከቀሪ አይቆጠርም ነበር” አለቻት።

ንስር ስልኩን አስቀመጠችና ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ። “እስክትሞት ጠብቂ ነው የምትለኝ?”

ማንም “አትሂጂ” አላላትም። ማንም ግን “ሂጂ” አላላትም። ሙሽሪት ብቻ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። “እትዬ፣ ይሂዱ። እናት አይደሉ እንዴ? እኔ የትም ሠርቼ እበላለሁ።” ይህን ስትል እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ ልብ ያለችውም አይመስለኝም።

ንስር አየቻት። “ቁጭ በይ አንቺ፣ ጠርሙስ አለፈሽ” አለቻትና ወደ መብራቷ ተመለሰች።

ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። ክፍሉ ንጹሕ መሆን ስላለበት የእጅ ስልክ በር ላይ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ከውጭ ወደ እኛ የሚገባው ይኸው የእኔ ስልክ ብቻ ነው። ደዋዩ ወንድሟ ነበር።

“እትዬ፣ እህቴን ቶሎ ላኪልኝ። ሐኪሙ ‘ያላችሁን ሰው ጥሩ’ ብሎናል። እማዬ ስሟን እየጠራች ነው።”

“እሺ፣ አሁኑኑ” አልኩት።

ሰዓቱን አየሁ። አራት ሰዓት ነው። ንስር ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ተነሣሁ። ከዚያ ሙሽሪትን አየሁ፤ ወገቧ አልቆም ብሏት አንድ እጇን ከኋላ ደግፋ ጠርሙስ ትዘቀዝቃለች። ከእሷ በላይ የቀን መቁጠሪያው አለ፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ። ሁለት ሰዓት ብቻ ናት፣ አልኩ በልቤ። ሐኪሞች ስንቴ ተሳስተዋል? ሰው እኮ በአንድ ረፋድ አይሞትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን እነግራታለሁ፤ እናቷንም ታያለች፣ ጊዜያዊዎቹ ልጆችም ይተርፋሉ፣ ማንም አይጎዳም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የመውጫ ወረቀቷን አስቀድሜ ጻፍኩ። ለጥበቃው ደውዬ ታክሲ በር ላይ እንዲያቆምላት ነገርኩት። ታክሲ አዝዤ፣ ወረቀት ጽፌ፣ ለጓደኛዬ የምችለውን ሁሉ እያደረግኩላት እንደሆነ ራሴን አሳመንኩ። ስልኩ ሁለተኛ ጮኸ። አላነሣሁትም።

አምስት ሰዓት ላይ ንስር ዞር ብላ አየችኝ። “ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?”

“ራሴን ነው።”

ተነሥታ ከመተላለፊያው በብርጭቆ ውኃ ይዛልኝ መጣች። “እንቺ፣ ሁሉንም ጠጪው። ከትናንት ጀምሮ አላማረሽኝም” አለችኝ። እስክጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልቤ አልቻለም። ሄጄ ትከሻዋን ነካሁና ወረቀቷን ሰጠኋት። “ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ሂጂ፣ ታክሲ በር ላይ አለ።” መቼ ደወለ ብላ አልጠየቀችም። ጋውኗን ለመለወጥና ስልኳን ለመውሰድ አሥራ አምስት ደቂቃ እንደሚፈጅባት አስልቼ ነበር። እሷ ግን እንዳለች፣ ከነቆቧ፣ ስልኳንም ሳትወስድ ሮጠች። እንዲህ ትሮጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበርና፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንዳትወጣ ብዬ ለጥበቃው ደወልኩ። “መፈተሽ አለባት፣ ትንሽ አቆያት” አልኩት። ወረቀቷ ላይ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ተመታ። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ይህቺን እፎይታ እስከ ዛሬ ይቅር ልላት አልቻልኩም።

እናቷ ያረፉት አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።

ሦስቱን የሐዘን ቀን ቤቷ ተመላለስኩ። ከሰው መሐል ተቀምጬ፣ ሌሎች ሲያለቅሱ አለቀስኩ። ወንድሟ በሩን በከፈተልኝ ቁጥር ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ያሸሽ ነበር፤ ያደረግሁትን እንዳወቀ ገባኝ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ቀረች። ከመብራቷ ፊት ተቀምጣ፣ መብራቱን ሳታጠፋ፣ ሳታየኝ ተናገረች።

“አራት ሰዓት ላይ ደውሎልሽ ነበር?”

“አዎ።”

“እኔ የት ነበርኩ?”

“እዚሁ።”

“ከአንቺ ጠረጴዛ እዚህ ስንት እርምጃ ይሆናል?”

“ስምንት” አልኩ።

“‘መጣች ወይ?’ እያለች እናቴ ወንድሜን ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። እሱም በመጀመሪያው እውነቱን የተናገረ መስሎት ነበር። ‘መንገድ ላይ ናት እማዬ’ አላት። በሦስተኛው ግን እያወቀ ዋሻት። ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ ነው የሄደችው። ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ምናልባት ራሴ እቀር ነበር። የልጅቷን ሆድ አይቼ፣ እስከ ስድስት ልጠብቅ እል ነበር ይሆናል። አላውቅም። ግን እናቴ የእኔ ነበረች። መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።”

“ይቅር በይኝ” አልኳት። እግሯ ሥር መውደቅ አማረኝ።

“ምሳሽን ብዪ” አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ተገናኘን። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ “እንደምን አደሩ?” አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት “አንቺ” ስትለኝ የኖረች ሴት በአንድ ሌሊት “እርስዎ” አለችኝ። ብትሰድበኝ፣ ጥፊ ብትመታኝ በወደድኩ። አክብሮቷ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ።

ዓመቱ አለቀ፤ ክፍላችን አሸነፈ። ሦስቱም ቋሚ ሆኑ። የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ሙሽሪት እያለቀሰች አቀፈችኝ፤ ነገሩን አታውቅም ነበር። ንስር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድትዛወር ማመልከቻ ጽፋ ሄደች። በሁለት ወር ውስጥ የክፍላችን ስህተት በእጥፍ ጨመረ፤ ለካ ሁላችንንም ስትሸፍነን የኖረችው እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ገባሁና ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያደረግሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እኔ እንዲህ አድርጉ ብዬ አልጻፍኩም” አለች።

“አልጻፉም። ያንን ያደረግነው እኛ ነን። ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም።”

ሁለቱን ሠንጠረዦች አስመጥታ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። በአዲሱ ዓመት ማስታመም ከቀሪ መቆጠሩ ቀረ፤ የስድስት ሰዓቱም አንቀጽ ተሠረዘ። ጊዜያዊ ሠራተኛ በራሱ ሥራ እየተመዘነ ቋሚ እንዲሆን ተደረገ። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሰው ሲያመው ቤቱ ይቀራል፤ የሚመለሰውም ጭነት ቀነሰ። እኔ አለቅነቱን ለሌላ አስረክቤ ወደ መብራቱ ተመለስኩ።

ንስርን አንዳንድ ጊዜ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አገኛታለሁ። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ሁለታችን ብቻ ቆመናል። ድፍረት አገኘሁና፣ “አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን ብናወራ” አልኳት።

“ስለ ምን?” አለች፤ ቁጣ የለባትም፤ የደከማት ትመስላለች። “ይተዉት እንግዲህ። ሙሽሪት ወንድ ወለደች አሉ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።”

አውቶቡሱ መጣ። ውስጡ ባዶ መቀመጫ ሞልቶ ነበር። እሷ ገብታ በመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ።