ዑበይድና አምስቷ ሚሊ

በጀጎሉ መኪና ግርግር መንገድ ላይ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዑበይድን የሚያህል የለም። ሰው በበሩ ሲያልፍ በዐይኑ ብቻ የወገቡን ልክ በኢንችም በሴንቲሜትርም ይነግረዋል፤ አንዴማ እያስነጠሰ የሙሽራ ሱሪ ለክቷል ይባላል። አንድ ቀን ከሰዓት ግን አምስት ሚሊ ሊትር ፊት ተንበረከከ።

የአራት ዓመት ልጁ ዓቢር ትኩሳት ይዟት እንደ ካውያ ትፋጃለች። እናቷ ድሬዳዋ ለቅሶ ሄዳለች። ሐኪሙ ሽሮፕ አዝዞላት፣ «አምስት ሚሊ! እንዳታበዛ፣ ጉበት ይጎዳል» ብሎታል። መለኪያዋን ክዳን ደግሞ ዓቢር ራሷ ጀልባ አድርጋ ቦይ ውስጥ ሸኝታታለች።

ጀጎል ውስጥ ልጅ ታመመ ከተባለ አፎቻ የሚሉት እድር ማኅበርተኛ ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል። መደቡ ጢም ብሏል። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ዐብላ ከቦርሳቸው ማንኪያ አወጡ። ማንኪያ አይባልም፣ አካፋ ነው። የሶፊ ገበሬ ቢያገኘው ጫቱን ይኮተኩትበታል።

«አንድ ማንኪያ ስጣትና ይሻላታል።»

«እማ ዐብላ፣ ይሄ ከአምስት ይበልጣል!»

«በምን አወቅህ?»

ወላሂ በምንም አላወቀም።

«አምስት ሚሊ ሩብ ፍንጃል ነው» አሉ ጎረቤቱ እትዬ በለጡ።

«የማን ቤት ፍንጃል?» አላቸው ዑበይድ።

«የኔ ነዋ!»

«አቦ፣ ተዉኝ!» አለና ራሱን ያዘ። ልጅቷ ታቃስታለች። ወዲያው ዐይኑ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ሜትር ላይ ዐረፈ። ጠርሙሱ ስልሳ ሚሊ ነው፤ ስልሳ ለአምስት ሲካፈል አሥራ ሁለት። ከታች እስከ አንገቱ ለካው፣ ቁመቱን ለአሥራ ሁለት ከፈለው፣ በየድርሻው ቀይ ክር አሰረበት። ጠርሙሱ ሙሽራ መሰለ።

«አልሐምዱሊላህ! ከክር እስከ ክር አምስት ሚሊ!»

ዐብላ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ሸሚዝ ስትሰፋ አንገቱንና ደረቱን እኩል ነው የምትቆርጠው?» አሉት።

ሴቶቹ ሳቁ። ዑበይድ ጠርሙሱን አየ። ላይ ቀጭን፣ ታች ወፍራም። ላይኛው ክር ሲያሳንስባት፣ ታችኛው ሊያበዛባት ነበር። ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ እየተነጫነጨ ከሸዋ በር ውጭ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሮጠ።

ባለሙያዋ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠችው። «እስከ አምስት ቁጥር ሳብ። የቤት ማንኪያ አትመን። ግራ ከገባህ ሳትጠይቀኝ እንዳትደግም።»

ቤት ሲደርስ የልጁን ጉበት ትቶ መጀመሪያ ክብሩን አሰበ። አምስት ሚሊ ውኃ ስቦ በዐብላ ማንኪያ ላይ ረጨ። ታቹን ብቻ ሸፈነ። ደገመ። ሠለሰ። ያኔ ሞላ።

«አዩ! ሦስት እጥፍ! ይኼን ሊያጠጧት ነበር!»

«ማንኪያዬ ምን አለው? ሲሪንጅህ ነው ያነሰው።»

ሽሮፑን በልኩ ሳበ፣ የልጅቷን ጉንጭ ከፍቶ ቀስ እያለ ጨመረ። ዓቢር ፊቷን አኮማተረች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ከዚያ ቱፍ! አባቷ ደረት ላይ።

ሁሉም ወደ ሸሚዙ ዞሩ።

«አሁን ስንት ሚሊ ዋጠች?» አሉ እትዬ በለጡ።

ዑበይድ ሸሚዙ ላይ የሚንዠቀዠቀውን ቀይ ሽሮፕ አየ። ግማሽ ይሁን ሩብ አላህ ይወቀው። እጁ እንደገና ወደ ጠርሙሱ ሄደ፤ ዐብላም «ጨምርላት እንጂ!» አሉ።

«በግምት አልሰጥም!» ብሎ ጮኸ። ሲሪንጁን ኪሱ ከተተ፣ ሸሚዙን ሳይቀይር ጫማውን አጠለቀ።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ወደ መድኃኒት ቤት! ሸሚዜን አስለካለሁ!»