የማይሰነጠቀው እግር

ፖስተኛው በር አንኳኩቶ አያውቅም። ገና ግቢው ውስጥ ሲገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አማቼ! እግሬ አፉን ከፍቷል፤ ርቦታል መሰለኝ!» ይላል። ጎማ ቀላቃዩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ፣ ይህን ሲሰማ ሻይ ይጥድና ሁለተኛውን ወንበር ወደ መስኮቱ ያስጠጋል።

ፖስተኛው የቀላቃዩ የሟች ሚስት ወንድም ነው። ደብዳቤ ሲያድል ከብስክሌቱ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። የአካል ድጋፍ ማእከሉ የሰጠው ሰው ሠራሽ እግር መርገጫው ጎማ ነው፤ ውስጡ እንጨት አለው፤ ጣቶች መታጠፍ በሚገባቸው ቦታ ላይ እየቆየ ይሰነጠቃል። የማእከሉ ወረፋ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ቀላቃዩ ዕድሜውን በጎማ ፋብሪካ ውስጥ ጎማ ሲቀላቅል የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጥገናው ማንም ሳይመድበው የእሱ ሥራ ሆነ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ስንጥቁን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ በቤንዚን ይጠርጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ማስቲሹ ጣት ሲነካው የማይዝ እስኪሆን ካልደረቀ ልጣፊው አይጠብቅም። ሁለተኛ ይቀባል፤ እንደገና ይጠበቃል። በመጨረሻ ሞርሳ በሚባለው የብረት መቆንጠጫ ውስጥ ተጨምቆ ይቆያል። የሚቸኩል ሰው ማስቲሹን በአፉ እፍ ይለዋል። ቀላቃዩ እፍ ብሎ አያውቅም።

በዚያ መሀል ፖስተኛው ባዶውን የሱሪ እግር አጣጥፎ ያወራል።

«ካልሲ እኮ የቀኙ ብቻ ነው የሚቀደድብኝ። ግራው አያልበው፣ ጥፍር የለው። ቤቴ የግራ ካልሲ መጋዘን ሆኗል። ግራ እግር ብቻ ያለው ሰው ብታውቅ አገናኘኝ።»

«ሲገኝ በእኔ በኩል ይለፍ። ጎማም እሸጥለታለሁ።»

«አንተ? አንተ እንኳን ልትሸጥ፣ መርቀህ ነው የምትሰጠው።» ሻዩን ይቀምስና ፊቱን ያኮማትራል። «እህቴ ብትኖር ይሄን ትደፋው ነበር።»

«ትደፋው ነበር።»

ሚስት ከሞተች በኋላ ወንድሟ አማች መባሉ ይቅር ወይስ ይቀጥል፣ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ፖስተኛው ግን አማቼ ማለቱን አልተወም፤ እግሩም መሰንጠቁን አልተወም።

ከአደጋው በኋላ ፖስታ ቤቱ ፖስተኛውን አንድ ምድር ቤት ውስጥ አስቀምጦ ደብዳቤ ያስለየዋል። እሱ ይህን ቅጣት ነው የሚለው። «ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው መንገድ ሳከፋፍል እውላለሁ። አለቃዬን መንገዴን መልስልኝ ስለው፣ 'እግርህ ጋራዥ የሚመላለስ ከሆነ እንዴት አድርጌ?' ይለኛል። እውነቱን ነው።» አንድ ቅዳሜ ደግሞ፣ ልጣፊው ሞርሳ ውስጥ እያለ፣ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ «ለውሃ ቧንቧ እንኳ የማይሰነጠቅ ማሸጊያ ትሠራላችሁ። ለእኔ እግር ምን ይሳናችኋል?» አለ።

ቀላቃዩ ሳቀ። ሰኞ ዕለት ግን ነገሩን ለፋብሪካው ላቦራቶሪ ኬሚስት አነሳላት።

ኬሚስቷ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ጋሼ እያለች የምትጠራው፣ ሥራዋን የምትወድ ሰው ናት። ሐሳቡ ከሁለቱም ወጣ፤ የማን የቱ እንደሆነ በኋላ ሁለቱም አይለዩትም። ተረከዙ ለስላሳ፣ ፊተኛው ጠንከር ያለ ጎማ ይሁን፤ በሚታጠፈው ቦታ ላይ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ጨርቅ ይነጠፍበት፤ ሁሉም በአንድ ፎርማ ውስጥ አብሮ ይብሰል እንጂ በማስቲሽ አይያያዝ። በምሳ ሰዓትና ከሥራ መውጫ በኋላ ይሞክሩት ጀመር። ቀላቃዩ እርስ በርስ በሚዞሩት ሁለት የብረት ጥቅልሎች መሀል ጎማውን እንደ ሊጥ እያሸ፣ ጥቀርሻውንና ድኙን በየተራ ያጠጣዋል። የመጀመሪያው ተረከዝ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሌላው ንብርብሩ ተላቀቀ። አንዱን ደግሞ ወሬ ይዟቸው ጎማ በሚያበስለው ፕሬስ ውስጥ ረስተው አሳረሩት፤ አዳራሹ በሙሉ ድኝ ድኝ ሸተተ።

መልኩን ከያዘ በኋላም ስንጥቁ አልጠፋም። ያን ጊዜ ኬሚስቷ፣ «ጎማን የሚበላው መንገዱ ብቻ አይደለም ጋሼ፤ አየሩም ነው» አለችው። «ሲለጠጥ አየሩ ይገባበታል። ሰም እንጨምርበት፤ ሰሙ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ቆዳ ይሆነዋል።» ሰምና አንድ እርጅናን የሚያዘገይ ዱቄት ጨመሩ። ቁራጩን እያጠፈ በሚዘረጋው የላቦራቶሪው ማሽን ላይ አሰሩት። ማሽኑ ቀን ከሌት ሲያጥፈው ሰነበተ፤ ቁራጩ ምንም አልሆነም።

«መቼ ይወስዱለታል?» አለችው።

«ገና ነው። ትንሽ ይታይ።»

«ማሽኑ እኮ ታከተው፣ ጋሼ! ጎማው አልታከተም።»

«ትንሽ ይታይ» አለ በድጋሚ።

ለፖስተኛውም ገና ነው እያለ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄ መስሎት ነበር። ግን አንድ ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ልጣፊ ሳይታሰብ ጠንክሮ ሰንብቶ፣ ፖስተኛው ሳይመጣ ቀረ። ቀላቃዩ የጣደውን ሻይ ብቻውን ጠጣ። ግቢው ውስጥ የጎረቤት ድመት አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችው። ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ ቦታው ሲመልስ፣ የማይሰነጠቅ እግር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባው።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎርማው ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት እግር አበሰለ። አንዱ ሰሙና ዱቄቱ አለው፤ ሌላው የለውም። ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም ብላ ያስተማረችው ራሷ ኬሚስቷ ናት። ለማወዳደሪያ ግን ቁራጭ ይበቃል፤ ሙሉ እግር፣ ያውም በፖስተኛው ልክ፣ ማንም አይሠራም። ቀላቃዩ በዚህ ነገር ከራሱ ጋር አልተከራከረም። ሰም የሌለውም ቢሆን ጥሩ እግር ነው፤ ለጥቂት ወራት እንደ ሌላኛው ይሄዳል። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ቀጭን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል።

ሁለቱንም ቤቱ ወስዶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው። ከፎርማው ሲወጡ እንደ መንታ ጥቁርና የሚያብረቀርቁ ነበሩ። እየቆዩ ግን ሰም ያለበት ፈዘዘ፤ ትንፋሽ የተነፈሱበት መስተዋት መሰለ፤ ከዚያም አመድ ለበሰ። በጨርቅ ቢጠርገው ተመልሶ ይፈዛል። ሌላው ገና የአዲስ ጫማ መልክ ነበረው። ቀላቃዩ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ አያቸው፣ ማታ ሲመለስ አያቸው፣ ለማንም ሳይናገር ዝናቡ ገባ።

ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ ፖስተኛው መጣ። ከግቢው አልተጣራም። በሩን ገፍቶ ገባና ውሃው እየተንጠባጠበ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ዛሬ አንድ መንገድ ሰጡኝ» አለ። «ለሙከራ።»

«እና?»

«ግማሽ ላይ አፉን ከፈተ። ውሃ ገባበት። በተረከዜ እየሄድኩ ልጨርሰው አልኩ፤ አልሆነም። ሌላ ሰው ላኩ፤ የቀረውን ደብዳቤ መሀል መንገድ ላይ ተቀበለኝ። ቦርሳውን ከአንገቴ አወጣው፤ እንደ ልጅ።» ማሰሪያውን ፈታ። ጉማጁ ላይ የሚጠለቀው ካልሲ ደም ነክቶታል። «ሌላ ሙከራ ይሰጡኛል። አንድ ብቻ።»

ቀላቃዩ ንጹሕ ጨርቅ ሊያመጣ ተነሳ። ሲመለስ ፖስተኛው በአንድ እግሩ ግድግዳውን ተደግፎ መደርደሪያው ፊት ቆሟል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው? አማቼ! ገና ነው ስትለኝ?» የሚያብረቀርቀውን አነሳው፤ ገለባበጠው፤ አውራ ጣቱን ተረከዙ ውስጥ ሰመጥ አደረገው። ፊቱ በራ። «ይቺ ናት እግር ማለት! እያት እስቲ እንዴት እንደምታምር። ያቺኛዋ ምን ሆና ነው? ታማ ነው? አመድ የነሰነሱባት ነው የምትመስለው።»

ቀላቃዩ ጨርቁን ይዞ ቆመ።

«ይቺን ልውሰዳት?»

የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ውሸት መናገር አያስፈልገውም፤ የመረጠው ሰውየው ራሱ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ፖስተኛው ሁለተኛውን ሙከራ ያልፋል፣ መንገዱ ይመለስለታል፣ ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከግቢው ይጣራል። አለቃው ያን ጊዜ ምን እንደሚለው ግን ቀላቃዩ አስቀድሞ መስማት ይችል ነበር። ፖስተኛው የሚያምረውን እግር በክንዱ ሥር አቅፎ፣ ጉማጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ መልስ ይጠብቃል።

«እሷን አስቀምጣት» አለ ቀላቃዩ።

«ለምን?»

«ያንተ ያቺ ናት። አመዳሟ።»

«አትቀልድ እንጂ! ቆንጆዋን ደብቀህ...»

«አመዱ ሰም ነው። ከውስጧ ወጥቶ ነው። እሱ ነው የሚጠብቃት። ያቺ የያዝካት ትሰነጠቃለች።»

ፖስተኛው የያዘውን አየ፤ አማቹን አየ። «ታዲያ የምትሰነጠቀውን ለምን ሠራሃት?»

ቀላቃዩ ብሎን መፍቻውን አነሳ። «ለማወዳደሪያ» አለ።

አሮጌውን መርገጫ ፈታ፤ አዲሱን በብሎን አሰረ፤ ቁስሉን ጠርጎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለለት። ፖስተኛው ክፍሉን አንዴ ዞረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ዝናቡ ውስጥ ገባና ግቢውን እየተመላለሰ ይረግጥ ጀመር። ተረከዙ ይሰምጣል፣ ይመለሳል፤ ፊተኛው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ቀላቃዩ ከበሩ ላይ ሆኖ እግሩን ብቻ ነበር የሚያየው። ጥሩ ሥራ ነበር። በሕይወቱ ካበሰለው ጎማ ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ፖስተኛው ፊቱ በዝናብ ርሶ ተመለሰ። የቀላቃዩን ትከሻ ያዘ።

«ከእንግዲህ አላስቸግርህም» አለው። «ስንት ቅዳሜህን በላሁት! አንድ ቀን እንኳ ፊትህን አላጠቆርክብኝ። ከእንግዲህ ዕረፍ።»

ቀላቃዩ አስቸግረኝ ማለት ፈለገ። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀልድ ሆነበት። «በል በርታ» አለ።

ሰኞ ዕለት የሚያብረቀርቀውን እግር ፋብሪካ ወስዶ ከሚፈጨው ቁርጥራጭ ጋር ጨመረው።

ፖስተኛው እንዳለው አላስቸገረውም። ሁለተኛውን ሙከራ እንዳለፈ ቀላቃዩ የሰማው ደብዳቤ ከሚያመጣለት ሌላ ፖስተኛ ነው። «ያ አማችህ አላስቀምጥ አለን እኮ! የእኛንም መንገድ ልርዳችሁ ይላል።» ቀላቃዩ ደስ አለው። ደስታውን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ግቢውን ዙሪያውን አየ። ቅዳሜ ሲመጣ ልብሱን ያጥባል፤ የማይንኳኳውን በር ያዳምጣል፤ የማስቲሹ ቆርቆሮ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ ከፍቶ ሲያየው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ዝናቡ አባራ።

«እግሩ እንዴት ሆነ?» አለችው ኬሚስቷ አንድ ቀን።

«ጥሩ ነው።»

«አይተውታል?»

«ሰውየው ካልመጣ ጥሩ ነው ማለት ነዋ።»

«ጋሼ! እሱ ውጤት አይደለም፣ መቅረት ነው። ሄደው ይዩልኝ እንጂ።»

ለዚህ ትእዛዝ ውስጡ እንዴት እንደፈጠነ ሲያይ አፈረ። ቅዳሜ ብርጭቆ ወረቀትና አዲስ ማስቲሽ በቦርሳ ይዞ ሄደ። ፖስተኛው የሚኖረው በአንድ ረጅም ግቢ ጫፍ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ቀላቃዩ ከሚስቱ ቀብር ወዲህ ረግጧት አያውቅም። ፖስተኛው ገና ከሥራ መግባቱ ነበር፤ የደብዳቤ ቦርሳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አማቼ! አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«የላቦራቶሪያችን ልጅ ልካኝ ነው። እግርህን ልየው።»

ፖስተኛው አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ፈታና ሰጠው። ቀላቃዩ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አጠፈው፤ መታጠፊያውን በጥፍሩ ጫን እያለ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ጫማው የፈተገው ቦታ ላይ ሰሙ ተጠርጎ ነበር፤ ግን ከሥሩ እንደገና አመድ እያለበሰው ነው። ገለበጠው። ተረከዙን አየ። ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው መልሶ መላልሶ ፈለገ።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ? ሐኪም እንኳ ምንም ሲያጣ ይስቃል።»

ቀላቃዩ እግሩን መለሰለት። ክፍሏ ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር የታጠበ ልብስ ተከምሮባታል። የመጣበት ጉዳይ አልቋል። «በል፣ ልሂድ» አለ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ለልጅቷ እግዜር ይስጥልኝ በላት።»

«እላታለሁ።» ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ባትልከኝም...» አለና ቆመ። ግድግዳውን እያየ ጨረሰው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ጭር ይላል።»

ፖስተኛው እግሩን መልሶ አጠለቀ። ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አጠበቀ፤ አላልቶ እንደገና አጠበቀው።

«ሳይሰበር ምን ብዬ ልምጣ?» አለ አንገቱን ሳያቀና። «እህቴ የለች።»

ከግቢው የሰው ሬዲዮ ይሰማል። ፖስተኛው ተነሳ፤ ከወንበሯ ላይ ልብሶቹን አነሳ፤ የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ትንሽ አቅፏቸው ቆመ። በመጨረሻ አልጋው ላይ ጣላቸው።

«ተቀመጥ» አለ። «ስለ እግር ግን አናወራም።»

ቀላቃዩ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ሁለቱም ገና አላወቁም ነበር።