ባዶ የተገኙት ወጥመዶች

መቶ ወጥመድ፣ ሦስት አይጥ። ቆጣሪዋ ቁጥሩን ጻፈችና እርሳሷን እንደያዘች ስንዴውን አየችው። ቁጥሩና ማሳው አልተስማሙም። ሊዘረዝር አንድ ሳምንት የቀረው ስንዴ መሃል መሃሉ ላይ ወድቋል፤ አገዳው በምላጭ የተቆረጠ ይመስል በሰያፍ ተመትሯል። እንዲህ የሚያደርገው አይጥ ነው፤ ሦስት አይጥ ግን ይህን ሁሉ አይጨርስም።

የሰብል ጥበቃ ቢሮው ደንብ ቀላል ነበር። ማታ ይጠመዳል፣ ጠዋት ይቆጠራል። ከመቶው ወጥመድ አሥሩ ከያዘ መርዝ ይላካል፤ ካልያዘ መርዙ ለሌላ አካባቢ ይሄዳል። የሚጠመደው በአማቷ ማሳ ላይ ብቻ ቢሆንም ውጤቱ ለአርባ ገበሬ ነው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት አራት፣ አምስት እያለች ልካለች። የዛሬው ቁጥር የመጨረሻው ነው፤ የመርዙ ድልድል ዛሬ ይዘጋል።

«የመንግሥት አይጥ ቆጣሪ!» አለቻት በመንገዱ ስታልፍ የነበረች፣ ማሳዋ መንገዱ ዳር ላይ የሆነ ሴት። «ዛሬስ ስንቱን መዘገብሽ?»

«ሦስት።»

«ሦስት? የኔ ማሳ ላይ ሠርግ ደግሰው ነው እኮ የሚያድሩት! ወይስ መታወቂያ የሌለውን አትቆጥሪም?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «የምሬን ነው፣ እህቴ። አምና ግማሹን ነው ያጨድኩት። ዘንድሮ ከደገመኝ አለቀልኝ።»

ሴትዮዋ ስትሄድ ቆጣሪዋ ባዶ ከነበሩት ወጥመዶች አንዱን እንደገና አነሳችው። ሽቦው ላይ ጸጉር ተጣብቋል። ማባበያው ዳቦ ነው። እሷ ማታ የቀባችው ግን የለውዝ ቅቤ ነበር። ቀጣዩም ዳቦ። ከዚያ ወዲያ ያለውም ዳቦ።

አማቷ ቦይ እየጠረጉ ነበር።

«አባባ፣ ወጥመዶቼን ማን ነካቸው?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ የሞቱትን አነሳልሻለሁ። ሥራሽ እንዳይበላሽ ዳቦ አድርጌ መልሼ አጠምደዋለሁ። ዓይኔ የሳተው ነው ላንቺ የሚቀረው።»

«ለምን?»

«ሬሳ ስትለቅሚ ማየት አልቻልኩማ፣ ልጄ። ልጄን፣ ባልሽን፣ በእጅሽ ነው የገነዝሽው። ይበቃሻል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስለዚያ ቀን ማንም አውርቶ አያውቅም። «የት ነው የጣሏቸው?» ብቻ አለች።

ቦዩ ዳር ጉድጓድ አለ። የዛሬዎቹ ከላይ ነበሩ። ጓንቷን አጥልቃ አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ ሠላሳ አንድ። ከሦስቱ ጋር ሠላሳ አራት።

«ቁጥሩ መርዝ ማምጫ መሆኑን መች አወቅኩ» አሉ ሽማግሌው።

«እኔም አልነገርኩዎትም።»

እዚያው ቆማ ለቢሮው ኃላፊ ደወለች። «ያለፉት ሪፖርቶቼ ስህተት ናቸው። ወጥመዶቹን ሰው ነክቷቸዋል።»

«ማን?»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ንገሪው» አሉ።

«አማቴ።»

ኃላፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ አደረግሽኝ። እጄ ላይ የቀረው መርዝ ለሃያ ማሳ የሚሆን ነው። ያንቺ ጉዳይ በኋላ ይታያል፤ አሁን ሃያውን መርጠሽ ላኪልኝ።»

ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማሳዎቹን በወረቀት ነደፈች። ጭረቷ ከመሃል፣ ከአማቷ ማሳ ጀመረ።

«የኔ ይቅር» አሉ አማቷ ከላይ ሆነው እያዩ።

«አይቀርም። አይጡ የሚፈላው እዚህ ነው። የእርስዎን ዘልለን የዙሪያውን ብንመርዝ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላዋል።»

«የራሷን ቤት አስቀደመች ይሉሻል።»

«ይሉኛል።»

ከመሃል ወደ ውጭ እየቆጠረች ሃያ ላይ ቆመች። መንገዱ ዳር ላይ ያለው የሴትዮዋ ማሳ ሃያ ሦስተኛ ነበር። እንደገና ቆጠረችው፤ ያው ነው። ዝርዝሩን ላከችና ጓንቷን አወለቀች። ሴትዮዋ ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች።

ቆጣሪዋ ወደዚያ መራመድ ስትጀምር ከኋላዋ የሽማግሌውን እርምጃ ሰማች።

«እርስዎ ይቆዩ፣ አባባ።»

«የለም» አሉ፤ ቁና ቁና እየተነፈሱ ቀደሟት። «ይህን እኔ ነኝ የምነግራት።»