የኩባንያው አቡጀዲ

"ጠፍሩን ልቀቁልኝ! ትንሽ ጨምሩ!"

አብተው እስከ ደረቱ አዋሽ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። ዳር የቆሙት ሰዎች ወገቡ ላይ የታሰረውን ጠፍር ቀስ እያሉ ለቀቁለት። የክረምቱ ውሃ ደፍርሶ ይጋልባል፤ እግሩን እያዳለጠ ወዲያና ወዲህ ወሰደው። እንደ ምንም ብሎ የወደቀ የሾላ ግንድ ጋ ደረሰና እጁን ከሥሩ ሰደደ። የሰው ትከሻ ጨበጠ።

"አገኘሁት" አለ። ድምፁ ዳር ላሉት አልተሰማም።

ጎትተው ሲያወጡት ሬሳውን እንዳቀፈ ነበር። ሟቹ ሆራ ነው፤ ከአርሲ በኩል ቆዳ እየሰበሰበ አዳማ ባቡር ጣቢያ የሚሸጥ ነጋዴ። አብተው ደግሞ የአዋሽ ድልድይ ኬላ ዘበኛ ነው። ሆራ የአብተውን ትልቋን ልጅ ክርስትና አንስቷል፤ አበልጆች ናቸው።

የሆራ ታናሽ ወንድም ባጫ ሬሳው ላይ ተደፋ። "ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ!" እያለ ደረቱን ሲመታ ቆየና ቀና አለ። ዓይኑ አብተው ላይ አረፈ።

"የጮህክበት አንተ ነህ። ድምፅህን ለይቼዋለሁ።"

እውነት ነው፤ አብተው ነው የጮኸው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የፈረንጅ ኩባንያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የቆርቆሮ መጋዘን ሠርቶ ቆዳ መግዛት ጀምሯል። ግመሎቹ ባንዲራ አስረው ድልድዩን ይሻገራሉ። ነጂዎቹ ቀረጥ ሲጠየቁ "ኩባንያው አዲስ አበባ ይከፍላል" ይላሉ። አዲስ አበባ ሲጠየቅ፣ ቆዳው የሚወጣው በድሬዳዋ ስለሆነ እዚያ እንከፍላለን ይላል። ድሬዳዋ ሲጠየቅ ደግሞ አዳማ ላይ ተከፍሏል ይባላል። ይህን በአገሩ ያልሰማ የለም። ደፍሮ የሚያስቆመው ግን ጠፋ፤ ኩባንያው ከላይ ወዳጆች አሉት።

የኬላው ሹም ባላምባራስ ኃይለየሱስ ለመንግሥት የሚያስገባው ገንዘብ ግን የተቆረጠ ነው፤ ኩባንያው ከፈለም አልከፈለም አይቀነስለትም። ከዚያ የጎደለውን በአህያና በጀርባ በሚያሻግረው ነጋዴ ላይ ጫነው። አምና ጨመረ፤ ዘንድሮም ጨመረ።

ሰኔ ላይ ሆራ አህዮቹን ኬላው በር አቁሞ ብዙ ቆየ።

"አበልጄ፣ እኔ መክፈል አልጠላሁም" አለው። "ድልድዩ የቆመው በዚሁ ነው። ግን የኔ ቆዳ ቀረጥ ከፍሎ ጣቢያ ሲደርስ ዋጋው ከኩባንያው ይወደዳል። ማን ይገዛኛል?"

"በነሱ ስም ብታሻግርስ? እንደ ሌሎቹ።"

"እነሱ በቆረጡልኝ ዋጋ? ያኔ ነጋዴነቴ ቀረ፤ ጫኛቸው ሆንኩ ማለት ነው።" ሆራ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልቆየም። "ይልቅ አንተ ለሹሙ ንገርልኝ። ያንተን ነገር ይሰማል።"

አብተው እሺ አለ። ሁለት ጊዜ ባላምባራስ ፊት ቆሞ ስለ ሌላ ነገር አውርቶ ተመለሰ።

ሐምሌ ሲገባ ነጋዴዎች ከድልድዩ በታች እየዋኙ ቆዳ ማሻገር ጀመሩ። ዘበኞቹም ወንዙን እንዲጠብቁ ታዘዙ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አብተው ዳሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ሰዎች በተነፉ አቅማዳዎች ላይ የቆዳ እስር አስረው እየገፉ ሲዋኙ አየ። መልካቸው አልታየውም።

"ማነው? ተመለስ!" ብሎ ጮኸ።

የፊተኛው ሰው ድምፁን ሲሰማ ዞር አለ። "እኔ ነኝ" ሊል ይሁን፣ ሊመለስ ይሁን፣ አብተው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አያውቀውም። ውሃው ከአቅማዳው ነጠለው። ባጫና ቆዳው ዳር ወጡ፤ ሆራ አልወጣም።

ረፋዱ ላይ ባላምባራስ ኃይለየሱስ በበቅሎ መጣ። ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና "ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ ዳር የተከመረውን እርጥብ ቆዳ አየ።

"ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ነው፤ ይወረሳል። ወደ ኬላው አስጭነው" አለው አብተውን።

"ጌታዬ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ።"

"እሱማ ሞተ። ቀረጡ ግን አለ።" ባላምባራስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደስ ብሎኝ መሰለህ? ዓመቱ ሲዘጋ የጎደለውን የሚወስዱት ከኔ ርስት ነው።"

ይህን ሲናገር የግመል ቃጭል ተሰማ። ባንዲራ ያሰሩት የኩባንያው ግመሎች ድልድዩ ላይ ደርሰዋል። ተረኛው ዘበኛ መንገዱን የዘጋውን አጣና አነሳላቸው። አንድ በአንድ አለፉ። ባላምባራስ ወደዚያ አየና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። አብተውም ቆዳውን አስጫነ።

ሬሳው አዳማ ሲደርስ የሆራ ሚስት ዘርፉ ደጅ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ግቢው በለቅሶ ተሞላ። አብተው ሊገባ ሲል ባጫ በሩን ዘጋበት።

"አንተ እዚህ ቤት ምን አለህ?"

"ተወው ባጫ" አለች ዘርፉ ከውስጥ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። "ከውሃው ያወጣውም እሱ ነው። አበልጄ፣ ይግቡ።"

አብተውን ከባጫ ቁጣ ይልቅ ይህ ከበደው። ገብቶ ጥግ ተቀመጠ።

ሬሳው ታጥቦ ሳያልቅ መሐመድሰዒድ መጣ። የኩባንያው ደላላ ነው፤ ሆራን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሲያለቅስ እንደመጣ ዓይኑ ያስታውቃል። በክንዱ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ ይዟል።

"አላህ ያጽናሽ፣ ዘርፉ። የኩባንያው ሙሴ በጣም አዝነዋል። ለመገነዣ ይሁን ብለው ነው። ለልጆቹም ስኳርና ሩዝ እልካለሁ ብለዋል።"

"ደግ ፈረንጅ ነው" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ዘርፉ አቡጀዲውን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

"ጥሩ ነው" አለች። "በባቡር ነው የመጣው?"

"በባቡር ነው።"

"ቀረጥ ከፍለውበታል?"

መሐመድሰዒድ አንገቱን ደፋ። "ዘርፉ፣ እኔ ተልኬ ነው።"

"አውቃለሁ። ባንተ አልከፋኝም፤ አንተ እንደ ወንድሙ ነህ፣ ተቀመጥና አልቅስ። ይህን ግን መልስላቸው። የነሱን ዕዳ ስንከፍል ነው የኖርነው። ባሌ ልብሳቸውን ለብሶ አይቀበርም።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ነጠላ ያረጀና የሳሳ ነው፤ ገበያም የሚቆመው ነገ ነው። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሞት አያስመርጥም" ብለው ጀመሩ። ዘርፉ ጣቃውን ወደ መሐመድሰዒድ ገፋችው። መሐመድሰዒድ ጣቃውን ውጪ አስቀምጦ ተመለሰና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

አብተው ተነሳ። ሚስቱ ሸዋወርቅ ፈትላ ያሠራችለትን ጋቢ ከትከሻው አወረደ። ወንዝ ሲገባ ዳር ጥሎት ስለነበር ደረቅ ነው። ዘርፉ ፊት ሲደርስ ጋቢውን መዘርጋት አቃተው፤ እጁ ላይ እንደያዘው ቆመ።

"አበልጄ" አለ፣ "እኔ ነኝ የ..."

"ሰምቻለሁ" አለች። ጋቢውን አልተቀበለችውም፣ አልመለሰችውምም። ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

አብተው ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫፍ ከሆራ እግር ሥር አነጠፈ። ሌላው ጫፍ ተጣጥፎ እጁ ላይ ቀረ፤ ብቻውን ሊዘረጋው አልቻለም።

ባጫ ከበሩ ሳይንቀሳቀስ ብዙ አየው። ከዚያ መጥቶ በሬሳው ማዶ ተንበረከከ፤ አብተውን ቀና ብሎ ሳያይ የጋቢውን ጫፍ ያዘ።