በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው

«የምናገረውን ሁላችሁም በጥሞና ታዳምጡልኝ ዘንድ አሳስባለሁ» አሉ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ለጥፈው፤ «ሰማያዊው የፕላስቲክ ወንበር የሽማግሌዎች ነው። ነጩ የእንግዳ ነው። ትናንት የታየው መደበላለቅ እንዳይደገም።»

ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ሮዘተንቪል በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሥር፣ ጥቂት ሰዎች ከሰማያዊ ወንበር ተነሥተው ነጭ ፈለጉ። አምላኩ ግን ንቅንቅ አላለም። የሞተው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የወንበር ቀለም ሊመርጥ አልመጣም።

ሣልስት ነው። በቀብሩ ዕለት ዝናብ ያቋረጠው የፋንታሁን የሕይወት ታሪክ ዛሬ ይነበባል። ታሪኩን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ዕድሩ ለሟች ሁሉ የሚያነበው አንድ ወረቀት ነው፣ ስም ብቻ ይቀየራል። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከማንም ያልተጣላ።» ፋንታሁን ከማንም ያልተጣላ! ቶኮዛ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሱቁ ከዳቦ አከፋፋዩ ጋር ያልተጣላበት ሳምንት ካለ፣ ዳቦ ያልመጣበት ሳምንት ነው።

እንዲያነብ የታዘዘው አምላኩ ነው። ወንድሙ ስለሚያዘወትረው ሐይቅ አንድ ቃል ይግባበት ብሎ ቢለምን ጋሽ ገብረሥላሴ ሟችን በጉድለቱ አናነሣም አሉት። ወረቀቱ ከተነበበ ፋንታሁንም እንደ ሌሎቹ ሆኖ ሊቀር ነው። ጓዳ ያሉት ሴቶች ይንሾካሾካሉ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቅ ዳር ብቻውን የሚውለው በጤናው ነበር ወይ? የፋንታሁን ሚስት የአለምወርቅ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እሷም እያፈረች አንድ ቀን እንኳ አብራው ሄዳ አታውቅም።

አምላኩ ግን ሄዷል። ከአገር ቤት በመጣ በወሩ ዘራፊዎች ሱቅ ገብተው ፊቱን በሽጉጥ እጀታ መቱት። እመለሳለሁ ብሎ ሻንጣውን ሲያስር ፋንታሁን ቅርም ሂድም አላለውም። በታክሲ ወስዶ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ አስቀመጠው፤ ዳቦ ቆረሰለትና ወሬ ጀመረ። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ የመዝናኛ መናፈሻ ነበር። ውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ የጭፈራ አዳራሽ ነበረው። እዚያ ማዶ ደግሞ ጀልባ ከነሰዉ ቁልቁል ተንሸራቶ ፏ ብሎ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ከፍ ያለ መንሸራተቻ። ጀልባዋን ሽቅብ በገመድ የሚጎትቱት ጥቁሮች ናቸው፤ ተሳፍረው መውረድ ግን ክልክል ነው። ይህን ሁሉ የነገረው አንድ የቶኮዛ ደንበኛው ነው፤ በአገሬው አጠራር ማዳላ፣ አባባ እንደማለት፣ የሚላቸው፣ አያታቸው ገመድ ጎታች የነበሩ ሽማግሌ።

«በሩ የት ነበር?» አለው አምላኩ።

«ቂጥህ ሥር» አለ ፋንታሁን። «ጥቁር አይገባም ያለው በር እዚህ ነበር። አሁን በሩ የለም፤ አንተ አለህ። ብላ።»

አምላኩ በላ። ሻንጣውንም ማታውኑ ፈታ።

አሁን ድንኳኑ መሐል ቆሞ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሟች የተወለደበትን ቀበሌ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት አላነሣም። አዳራሹን አወራ፤ የእሑድ ሙዚቀኞቹን፣ ገመድ የላጠውን መዳፍ፣ የበሰበሰውን እንጨት። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ ማጉረምረም።

«የማን ታሪክ ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ገብረሥላሴ።

«የወንድሜ።»

«መናፈሻው ሲከፈት አልተወለደ፣ ሲዘጋ አልተወለደ።»

«እሱ ግን ገብቷል።»

የአለምወርቅ ከፍራሹ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ድንኳኑ ወጣች። «ውሰደኝ» አለችው አምላኩን። ሴቶቹ ክንዷን ያዙ፤ ሐዘን የተቀመጠች ሴት ለቀስተኛ ትታ ሐይቅ ዳር ትወርዳለች? ጋሽ ገብረሥላሴ መውጫው ላይ ተገተሩ።

«ለዚህ ሁሉ ሰው ምን እንበለው? አስረዳና ሂድ።»

አምላኩ ተንበርክኮ ጫማዋን ሊያጠልቅላት ሞከረ፤ እግሯ ስላበጠ እንቢ አለው። ከግድግዳው ሥር የፋንታሁንን ሰፊ ጫማ አነሣ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አጠለቀላት፤ እንዳይወልቅባት ክሩን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረ።

«አላስረዳም» አለ።