ነብሩን ያስሸሸው ሳል

«ነብር ገድሏል አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው አንሾካሾኩ ከለቅሶ ቤቱ በር አጠገብ የተቀመጡት ጡረተኛ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ።

«እሱ?» አለ ቫርኒሽ ቀቢው። «ድመት ስታስነጥስ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ሰው'ኮ ነበር፣ አባባ!»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ሟቹ አናጢ የቫርኒሽ ቀቢው እህት ባል ነው። ሰፈሩ «ጋሽ አዳኝ» ይለው እንጂ፣ ከጣውላ ሌላ ጫካ አያውቅም።

በሥራ ቤቱ የጣውላ ቁልል ላይ ግን ማማ ሠርቶ ነበር። ማማ ሲባል እንዲህ እንደዋዛ አይደለም፤ ሰባት ንጉሥ ከነፈረሱ ቢወጣበት ሲጥ የማይል ማማ! ከምሳ በኋላ እሱና ቫርኒሽ ቀቢው እዚያ ይወጡና አናጢው ሽፋኑ የተላጠ የአደን መጽሐፉን ይገልጣል። ያኔ ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ የህንድ ሣር ይሆናል። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በቀርከሃ መሃል ይሾልካል፤ የሆነ ቦታ ዝሆን ቅርንጫፍ ይሰብራል። የአናጢው ድምፅ ዝቅ ካለ ነብሩ ቀርቧል ማለት ነው።

ሕጉ አንድ ነው፦ ማማ ላይ አይሳልም። የቫርኒሽ ቀቢው ሳል ደግሞ የሦስት ሰፈር ውሻ የሚያስነሳ ነው። ነብሩ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል ጠብቆ ቀቢውን ጉሮሮውን ይበላዋል።

«እህ! እህ!»

አናጢው መጽሐፉን ጥርቅም! «ሸሸ! አንተ ሰውዬ፣ ያገር ነብር አባረርህብኝ!»

«ወረቀት ነው'ኮ፣ ዝም ብለህ አንብበው!»

«ሰምቶሃል እያልኩህ! ነገ።» ገጹ ላይ ለምልክት ፍቅፋቂ እንጨት ያስገባና ይወርዳል። ያ ምስኪን ነብር ዓመት ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ከረመ።

በመጨረሻውም ቀን ቫርኒሽ ቀቢው ሳለ፤ አናጢውም «ነገ» አለ። ነገ መጣ፤ አናጢው ቀረ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የቫርኒሽ ቀቢው እህት መጽሐፉን ከባሏ ሽርጥ ኪስ አውጥታ መጣች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስትብሰለሰል አየሁህ። ለምን አታነበውም?»

«ብቻዬን ማማ ላይ አልወጣም፣ እትዬ።»

«እኔ አነብልሃለሁ። መጨረሻውን ሰምተህ ይውጣልህ።»

ግቢውን ተሻግረው ማማው ላይ ወጡ። ያ የቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን በጥቁር ሻሿ ላይ መስመር መስመር ሠራ። ማንበብ ጀመረች፤ ሳታውቀው ድምፅዋ እንደ ባሏ ዝቅ አለ። ወንዙ ፈሰሰ። ነብሩ ከቀርከሃው ወጣ፤ አጎነበሰ። አዳኙ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሳ።

ቫርኒሽ ቀቢው ጉሮሮው እስኪበላው ጠበቀ። ከተፈጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላለውም። ነብሩ ከወደቀ በቃ፤ ከዚያ ወዲያ ነገ የለም። እህቱ ገጹን ልትገልጥ ጣቷን አነሳች።

«እህ» አለ። ቀጭን፣ የልጅ ውሸት የምትመስል ሳል፤ ዝንብ እንኳ የማታስነሳ።

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከጣውላው ላይ አንድ ፍቅፋቂ አንስታ ገጹ ላይ አስገባችና መጽሐፉን ዘጋች።

«ሸሸ» አለች።