የሊኑክሱ ብቸኛ ተጫዋች

ዊልማር ክፉ ወሬ ሲኖረው የማቴ ሻዩን ፔርሙስ ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ቆሞ ነው የሚናገረው። ያን ዓርብም ቆሞ ነበር።

«ስሚ ሮሲና፣ አንድ ሰው» አለ። «ከአራት ሺህ ተጫዋች መሃል የሊኑክሱን ቅጂ የሚከፍተው አንድ ሰው ነው። አድራሻውን ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ዊንዶውስ በነፃ እጭንለት ነበር።»

«ሌሎቹ የሊኑክስ ሰዎችስ?»

«እነሱማ የዊንዶውሱን ቅጂ በማላመጃ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ያስኬዱታል። እንዲያውም እናንተ ከለፋችሁበት ይሻላል እያሉ ይሳለቁብናል። ትልልቆቹ ለሊኑክስ ሠሩ ተብሎ እኛም ተነሳን፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው።»

ሁለቱ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጨዋታ ሲሠሩ ኖረዋል። ሮሲና ትስላለች፣ ፕሮግራሙንም ትጽፋለች፤ ዊልማር ድምፁን ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። በጨዋታው ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ወንዝ ሞልቶ ሳይመጣባት የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ጣሪያው ታወጣለች። ጭቃማ ዱካዋ ከኋላዋ ወለሉ ላይ ይቀራል። አዲሱ ቅጂ ሰኞ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ አሮጌው አይከፈትም። ከዊንዶውስ ሌላ ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ስለዚህ ዛሬ ማለቅ ነበረበት።

«የሊኑክስ ሰዎች ቢያንስ የስህተት ሪፖርት አጻጻፍ ያውቁበታል» አለች ሮሲና።

«እሱንስ ያውቁበታል። ይኸው የብቸኛ ደንበኛሽን ሪፖርት ላንብብልሽ፣ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው።» ዊልማር እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠራረገ። «‹ቦታ፦ ኮሪደሩ፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ግድግዳ። የሆነው፦ ከግድግዳው በስተኋላ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ቆም ይልና እንደገና ሦስት ጊዜ። መሆን የነበረበት፦ በር መኖር ነበረበት።›»

ሮሲና እጅ ላይ የነበረው ማቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«ቀስ በይ እንጂ። ድምፁ እንደሆነ የሊኑክስ የተለመደ መንተባተብ ነው፤ እኔ የማንኳኳት ድምፅ የሚባል አልሠራሁም። የሠራሁት አርባ አንድ ድምፅ ነው፣ ሁሉንም እንደ ልጆቼ አውቃቸዋለሁ።»

ከሪፖርቱ ግርጌ ላይ የላኪው ኮምፒውተር ዓይነት ተጽፏል። መንግሥት ለየተማሪው ካደላቸው፣ ሊኑክስ ብቻ ከሚያውቁት ትንንሽ አረንጓዴ ኮምፒውተሮች አንዱ ነበር። ሮሲና እንደዚያ ዓይነቱን ታውቀዋለች። የራሷ ባደገችበት በዱራስኖ ከተማ፣ እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

«ይቅር በቃ» አለች። «ሊኑክሱን እንተወው።»

ዊልማር ለረጅም ክርክር ተዘጋጅቶ ስለነበር ትንሽ ቅር ያለው መሰለ። «እንዲህ በቀላሉ?»

«ቁጥሩ ይናገራል አይደል? ለአንድ ሰው ድግስ አይደገስም።»

ቁጥሩ እውነት ነበር፣ ምክንያቱ ጥሩ ነበር፣ የትኛውም ልባም ሰው የሚስማማበት ነው። ፈሪ ሰው ጥሩ ምክንያት ሲያገኝ እንዴት እንደሚደሰት ሮሲና ያን ቀን በራሷ አየችው።

በጨዋታው ውስጥ ያለው ቤት ሮሲና ያደገችበት ቤት ነው። የወጥ ቤቱን መስኮት፣ የመታጠቢያውን የተሰነጠቀ ንጣፍ፣ ሁሉንም ከትዝታዋ ለክታ ሥላዋለች። አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል። በሩ ሊሆንበት የሚገባውን ቦታ በግድግዳ ደፈነችው፤ ጠያቂም አልነበራትም። ክፍሉ የታናሽ ወንድሟ የፋብሪሲዮ ነበር።

እሷ አሥራ አንድ፣ እሱ ሰባት ዓመታቸው ነበር። አዲሱ አረንጓዴ ኮምፒውተሯ ላይ የሣለችውን ሥዕል አጠፋባት። በንዴት ክፍሉ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበትና ቀይ ክር የታሰረበትን የበር ቁልፍ ኪሷ ከተተች፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ልታስለቅሰው ብላ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጠዋት ልጆች የሚንቦጫረቁበት የዪ ወንዝ ከምሳ በኋላ የቤታቸው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ሥራ ላይ ናት። የወታደሮች መኪና መጣ፣ አንዱ ወታደር ብድግ አድርጎ ጫናትና «ሌላ ሰው አለ?» አላት። ኮምፒውተሩን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች «ወንድሜ በመስኮት ወጥቷል» አለችው። ሁሌም በመስኮት ነበር የሚወጣው። የዚያን ቀን ውሃው የመስኮቱን መዝጊያ ከውጭ ተጭኖት እንደነበር የታወቀው ሬሳው ክፍሉ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው። ቁልፉን ከድልድዩ ላይ ወረወረችው። የበሩ እንጨት በውሃ አብጦ ነው የተቀረቀረው ተባለ፤ እሷም እንደዚያው አለች፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደወለች።

«እማዬ፣ ጨዋታዬን ትጫወቻለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ይጫወትልሽ?» አለች እናቷ ሚርታ። «ያ አረንጓዴው ሌላ ምን ይችላል ብለሽ።»

«ስህተት ስታገኚ ምናለ ብትደውዪልኝ?»

«ቅጹ ያዩትን በትክክል ይጻፉ ይላል፣ ጻፍኩ። እናቷ ነኝ ብዬ ወረፋ ልዝለል?»

ሮሲና ሳቋ መጣ፣ ግን አልወጣም። «ግድግዳውን የምታንኳኪው አንቺ ነሽ አይደል? ሳታውቂው የሆነ ነገር እየነካሽ ይሆናል።»

«እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምሰማው። ሮሲ፣ ክፍሉን ለምን አስቀረሽው?»

«ቦታ አልበቃ ብሎ ነው።»

«ኮምፒውተር ውስጥም ቦታ ይጠባል?»

«ለማንኛውም ዊልማር ሊኑክሱን እንተወው እያለ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አንቺ ጋ ላይከፈት ይችላል።» ጥፋቱን በዊልማር ማላከኳ ለራሷም አሳፈራት።

«ታዲያ ማንኳኳቱም ይቆማል?»

«ይቆማል።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ከምሳ በኋላ እሄድና ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ልጅ ብቻውን አያንኳኳ ብዬ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሮሲና ወደ ሪፖርቱ ተመለሰች። ከሪፖርቱ ጋር የመጣ መዝገብ ነበር፤ ጨዋታው ተጫዋቹ በጣቶቹ የነካውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ሠሪዎቹም ያንኑ መልሰው አጫውተው ስህተቱን በዓይናቸው ያያሉ። በዊንዶውሷ ላይ ከፈተችው። ልጅቷ ወጥ ቤቱን አልፋ ግድግዳ ገጨች፣ ዞረች፣ በጓሮው በር ወጣችና ቀጥ ብላ ወንዙ ውስጥ ገባች። ውሃው ራሷ ላይ እስኪገጥም ድረስ እግሯን ማንሳት አላቆመችም። ይህ እንኳ ከሥራው ያልወጣ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሥርዓቶች ስሌታቸው በአንድ ፀጉር ያህል ይለያያል፣ በሊኑክስ የተመዘገበ እርምጃ በዊንዶውስ ላይ መንገድ ይስታል። ሮሲና ምክንያቱን እያወቀችውም መዝገቡን ፈጥና ዘጋችው።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥታ ሊኑክስ ጫነችበትና ያንኑ መዝገብ ከፈተች። እዚያ ልጅቷ መንገድ አልሳተችም። ኮሪደሩን ሄደች፣ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመች። በመዝገቡ ላይ ከዚያ በኋላ የጣት ንክኪ የሚባል የለም፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ባዶ ነው።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ከሥር የሚያንኳኳው ዳቦ ጋጋሪው ይሆናል ብላ የድምፅ ማጉያውን ዘጋች። ጸጥ አለ። ከፈተችው። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ትዕግሥተኛ፣ ዝቅ ያለ፣ እንደሚከፈትለት እርግጠኛ የሆነ ልጅ ዓይነት ማንኳኳት። ሮሲና ፈራች፣ ግን ከፍርሃቷ የባሰባት ይህ እርግጠኛነቱ ነበር።

መተው ትችላለች። ዊልማር ተስማምቷል፣ ቁጥሩ ተስማምቷል፣ ሰኞ ሁሉም ነገር ዝም ይላል። አንዲት ሴት ብቻ ከምሳ በኋላ ወንበሯን ስባ፣ የማይከፈት ጨዋታ ፊት ትቀመጣለች።

እሑድን ሙሉ ክፍሉን ስትስል ዋለች። አልጋውን፣ ቢጫውን ብርድ ልብስ፣ መስኮቱን። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው የሣለችው። ለበሩ እጀታ አበጀችለት፤ መቆለፊያ አላበጀችለትም። ቁልፍ የሚባል ነገር በጨዋታው ውስጥ የትም የለም፣ እንዳይኖርም አንድ በአንድ ፈትሻለች። ከዚያ የሊኑክሱን ቅጂ ሠርታ ላከችው።

ሰኞ ዊልማር ሲገባ እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ሸወድሽኝ አይደል? ልከሽዋል» አለ፣ አልተቆጣም ግን። «ለማንኛውም እንኳን ደስ አለሽ። የሊኑክስ ገበያችን መቶ በመቶ አድጓል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሁለት ሆነዋላ። አንድ ነበር፣ ትናንት ማታ ሁለት ሆነ። ቆጣሪው ግን የሰከረ ይመስለኛል፣ ሁለቱም ከአንድ ኮምፒውተር ናቸው ይላል።» ፔርሙሱን ብብቱ ስር አስገባ። «ሪፖርትም አለሽ። ያው ደንበኛሽ ነው።»

ሮሲና ራሷ አነበበችው።

«ቦታ፦ ኮሪደሩና የልጅቷ መኝታ ቤት። የሆነው፦ በሩን ከፈትኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ማንኳኳቱ ቆሟል። ስመለስ ወለሉ ላይ ከእኔ ዱካ ሌላ የትንሽ ልጅ ዱካ አየሁ፤ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ልጅቷ መኝታ ቤት ይሄዳል። አልጋዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ተቀምጧል። መሆን የነበረበት፦ አላውቅም። ጥያቄ፦ የየትኛው በር ቁልፍ ነው?»

«ምን ቁልፍ?» አለ ዊልማር ከትከሻዋ በላይ እያነበበ። «ቁልፍ ሥለሻል እንዴ?»

ሮሲና ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እናቷ ወዲያው አነሳች።

«እማዬ፣ ቁልፉ አሁንም አለ?»

«አለ። ስጠብቅሽ ነበር። የየትኛው በር ነው፣ ልጄ?»

ከታች የዳቦው ሽታ ይመጣል፣ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

«የፋብሪሲዮ» አለች። «እንጨቱ አላበጠም፣ እማዬ። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ቀላል ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ።

«ቆይ፣ ኮምፒውተሩን ላቅርበው» አለች ሚርታ። «እሱም ይስማ።»